ግራ ቀኝ

ኅዳር ነው፤ ቫይሬግ ላይ ጉሙ ውኃውን ጋርዶ፣
መርከቡ ሳይታይ ይጮኻል ከማዶ።
የመኪናዋን ኋላ እንደ ገበታ ከፍታ
ዕቃ ትደረድራለች ሮስቪታ፦
ኮምፒውተር፣ ኮምፓስ፣ አሮጌ ሰዓት፣ ቢላ፣
በእርሳስ የሚጻፍባት ነጭ ሰሌዳ፣ ሌላ
ሌላም፤ ጥቁር ላስቲክ፣ በክንድ ልክ ተቆርጦ፣
በድርብ ቋጠሮ ታስሮ፣ ጫፉ በክብሪት ቀልጦ።
«ይኼ ሁሉ ለአንድ ክንድ?» አልኋት ስቄ።
«ለሁለት» አለችኝ።
የራሴ ሁለቱ መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ጓንቴን አጥልቄ።

«ኮምፒውተሩ በቀኝ» አለች። «የልብስህን አየር
ለማስወጣት ግራ ክንድህን ሽቅብ ስታነሣ
ጥልቀትህ ከዓይንህ አይራቅ፣ አይረሳ።
ኮምፓሱ በግራ፤ እሱ ለብቻው ይኑር።
ክፉ ጎረቤት አይችልም፤ ብረት ከቀረበው
ሰሜኑን ረስቶ ለብረት ነው የሚሰግደው።
ማሰሪያህም ላስቲክ ይሁን፤ ዘለበት ያለውን ተው።
ውኃው ከላይ ሲጫንህ ልብስህ ይሳሳል፣
ክንድህ ይከሳል፤
ዘለበት ያኔ ይላላል፣
ላስቲክ ግን አብሮህ ይከሳል።»

እኔ ግራኝ ነኝ። መምህር ጌጡ በማስመሪያ
ጣቴን እየነረቱ ቀኜን አስለመዱት ለመጻፊያ።
ሌላው በግራ ቀረ፦ ማንኪያው፣ ቁልፉ፣
ክብሪት መጫሪያው፣ በር ሲንኳኳ የሚቀድመው መዳፉ።
ይቺን የተረፈችኝን ደግሞ
ለሐይቅ ላስረክብ?
ሮስቪታ የጋኔን ቧንቧ ጎንበስ ብላ ስትፈትሽ
ኮምፒውተሩን ወደ ግራ፣ ኮምፓሱን ወደ ቀኝ አዛወርኩ።
ክንዱ የእኔ፣ ዓይኑ የእኔ፤
ማን ሊያየው ነው ብዬ
ወረድኩ።

ሃያ ሰባት ሜትር። አረንጓዴው ጠቁሯል።
የአራት ዲግሪ ብርድ ከንፈሬን ወስዶታል።
የአንዳችን እግር፣ የእኔ ሳይሆን አይቀርም፣
ግርጌውን ነካ፤
ደለሉ እንደ ጭስ ተነሣ።
የእሷ ኮምፒውተር ፊቱ ጠፋ። ባትሪው ብርዱን አልቻለም።
መብራቷን አወዛወዘች፣ ቀረበች፣
ከደለሉ ውስጥ እጇ መጣ፤
የለመደ እጅ፣ ሳይፈልግ የሚያገኝ፤
ቀጥ ብሎ ያዘኝ
ቀኝ አንጓዬን።

ጥልቀት ብትጠይቀኝ ሰሜን ሰጠኋት።
መርፌው በብርሃኗ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣
እሷ መርፌውን፣ እኔ እሷን እናያለን።
ግራ ገባት፤
ግራው የእኔ ነበር።

ሌላውን ክንዴን ዘረጋሁላት። እንደ መጽሐፍ ይዛው
ሁለት ራስ በአንድ ቁጥር ላይ፣ ግንባር ለግንባር፦
ሃያ አንድ። ዐሥራ አምስት።
ልብሴ እንደ ከበሮ ይነፋል፤
አየሩን ላስወጣ ግራዬን አነሣለሁ፣
ቁጥሩን ልታነብ ታወርደዋለች፤
አነሣለሁ፣ ታወርዳለች፤
አነሣለሁ፣ ታወርዳለች፤
ዘጠኝ።
ስድስት ላይ የመልሕቅ ገመድ አገኘንና ቆምን።
ዐሥር ደቂቃ ሙሉ
ሁለት ሰው በአንድ ክንድ ኖርን።

ዳር ወጥተን አልተቆጣችኝም። ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳች፤
ኤጎን ጋን ከሚሞላበት ቤት ሞተሩ ያጉረመርማል።
«ለሁለት ያልኩህ…» ብላ ጀመረች፣
አልጨረሰችውም፤ አፍንጫዋን ተናፈጠች።
ጣቶቼ በርደው ቋጠሮው እምቢ አለኝ።
በጥርሴ ፈታሁት፣
ለእሷ በሚገኝበት በኩል አሰርኩት።

ማታ ሊንዝ ትራም ውስጥ አንዲት ሴት
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።
ሰዓቴ እንደ ድሮው በግራ ክንዴ ሳለ
ቀኜን ዘረጋሁ፣ ወደ እሷ አዙሬ፣
እንድታነበው፤
ባዶውን፤
የልብሱ ጎማ የተወው ቀይ ቀለበት ብቻ አለ።
አየችው። ቀና ብላ እኔን አየች።
ወንበር ቀየረች።